«ሁለት» እንዳለ ስለቀረው ስክሪን

ለክቡር የወተት ማቀነባበሪያ ፋብሪካችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡርነትዎ ሆይ፣

እርስዎ፣ ቤተሰብዎና መላው ጽሕፈት ቤትዎ እንዴት ሰነበታችሁ? ጤናና ዕድሜ እንዲያድልዎ፣ ወንበርዎም እንዲመችዎ የዘወትር ምኞቴ ነው። እኔ በፋብሪካው የመለኪያ መሣሪያዎች ጥገና ቴክኒሺያን ነኝ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ተገናኝተን ስለማናውቅ ስሜን ባያውቁት አልቀየምም። ባለፈው ሳምንት በፈረሙት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላይ «ግለሰቧ» ተብዬ አራት ጊዜ ተጠቅሻለሁና በዚያው ይወቁኝ።

ደብዳቤዎ «ግለሰቧ ከተሰጣት ኃላፊነት ውጪ የኮምፒውተር ሲስተሙን በመነካካት ስክሪኑ ላይ ቀይ ምልክት እንዲታይና የድርጅቱ ገጽታ በጎብኚዎች ፊት እንዲበላሽ አድርጋለች» ይልና በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንድመልስ ያዛል። መልሴ ይኸው። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ለድፍረት አይደለም፤ ከዚህ በፊት አሽጌ የላክሁልዎ ሁለት ማስታወሻዎች ውሃ ይብላቸው እሳት ስለማላውቅ፣ ይኼኛው ቢጠፋ እንኳ ያነበበው ሰው እንዳይጠፋ ብዬ ነው። ምስጋናዬንም በዚሁ አጋጣሚ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ፋብሪካችንን ስላዘመኑልን አመሰግናለሁ። እርስዎ ከመሾምዎ በፊት በማቀዝቀዣ ክፍሎቻችንና ቧንቧው በሚያልፍባቸው መተላለፊያዎች ላይ አሥራ ሁለት ሴንሰሮች ነበሩ። ሥራቸው ቀላል ነው። ክፍሎቹን የሚያቀዘቅዘው አሞንያ ከቧንቧው ካፈተለከ አየሩን ቀምሰው ይናገራሉ፤ ቁጥሩ ከአምስት በታች ከሆነ ሰላም ነው፣ ከሃያ አምስት ካለፈ ሰው ሁሉ መውጣት አለበት። በእያንዳንዱ ሴንሰር አናት ላይ ደግሞ አንድ ሳይረን ተሰቅሎ ነበር፤ ድምፁ ጆሮ የሚበሳ፣ የተኛውን ቀርቶ የሞተውን የሚቀሰቅስ። እርስዎ በመጡ በሁለተኛው ወር ይህ ሁሉ ኋላ ቀርነት መሆኑን ተመለከቱና ሴንሰሮቹ ከኮምፒውተር ኔትወርኩ ጋር እንዲገናኙ አዘዙ። ሴንሰሮቹ አሮጌ ስለሆኑ የኔትወርክ ቋንቋ አያውቁም፤ የሚችሉት በሽቦ የሚሄደውን ትንሽ ኤሌክትሪክ ከፍና ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው። ስለዚህ በመካከላቸው አዳፕተር ገባ። መካከለኛ መጽሐፍ የሚያህል ግራጫ ሳጥን ነው፤ በአንድ ጎኑ የሴንሰሮቹን ሽቦ ይቀበላል፣ በሌላው ጎኑ ቁጥር አድርጎ በኔትወርክ ገመድ በየክፍሉ በርና በፈረቃ ኃላፊው ዘንድ ወዳሉት ስክሪኖች ይልካል። አስተርጓሚ ማለት ነው። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ ይህን ያለ ሽሙጥ ነው የምናገረው። ሳጥኑን ግድግዳው ላይ የሰቀልኩት፣ ሽቦዎቹንም አንድ በአንድ ያሰርኩት እኔው ነኝ። ሳይረኖቹ ግን «ስክሪን እያለ ጩኸት ምን ያደርጋል፣ እንግዳ ይረብሻል» ተብለው ወረዱና መጋዘን ገቡ። ስለ ጸጥታው እጅ እነሳለሁ።

ሁለተኛ፦ ስለዚህ ሲስተም ምረቃ በዓል ውበት አመሰግናለሁ። የሴንሰር ሽቦ ቢበጠስ አስተርጓሚው ከሁለት አንዱን እንዲያደርግ ማዘዝ ይቻላል፤ ወይ «አልሰማሁም» ብሎ በቀይ ይጽፋል፣ ወይ መጨረሻ የሰማትን ቃል እየደጋገመ ይቀጥላል። አዳፕተሩን ያቀረበው ድርጅት ባለሙያ ሁለተኛውን መረጠ። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ «እህቴ፣ ቀይ ሲበዛ ሰው ይደነግጣል። ለምረቃው እንዲያምር ነው፤ በኋላ ትቀይሪዋለሽ» አለኝ። የይለፍ ቃሉን ግን ለእኔ ሳይሆን ለኔትወርክ ክፍል ኃላፊው አስረክቦ ሄደ። በማግስቱ ሪባን ሊቆረጥ፣ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ የርክክብ ቅጽ መጣልኝ። «ተፈትኖ በትክክል የሚሠራ» ከሚለው መስመር ሥር ፈረምኩ። እጄን ይዞ ያስፈረመኝ የለም። የእርስዎ ጸሐፊ ሁለቴ ደውላ «ባንቺ ምክንያት ሁሉም ነገር ቆመ እኮ» ብላኝ ነበር፤ ባንቺ ምክንያት መባልን ፈራሁ።

ከዚያ በኋላ ነው የይለፍ ቃሉ ተሰጥቶኝ ልቀይረው ብዬ ሁለቱን ማስታወሻዎች የጻፍኩት። ለመጀመሪያው ጆሮ ዳባ ልበስ አላችሁ። ለሁለተኛው የኔትወርክ ክፍል ኃላፊው በደረጃው ላይ አግኝቶኝ፣ «የይለፍ ቃል ለጥገና ክፍል አይሰጥም። የበላይ መመሪያ ነው፤ እኔን አታስጨንቂኝ» ብሎኛል። ኔትወርካችን ከሌባ ስለተጠበቀልን ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ተራ ቁጥር የለውም። ልሰጠው ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ።

አሞንያውን ከሚገፉት ኮምፕረሰሮች ኦፕሬተሮች መካከል ጋሽ ጆሮ የምንላቸው ሰው እንዳሉ ሰምተው ይሆናል። ሃያ ስድስት ዓመት በዚያ ጩኸት መሐል ኖረው፣ የብሎን መፍቻ አንዱን ጫፍ ማሽኑ ላይ፣ ሌላውን ጆሯቸው ላይ ደግፈው የትኛው ማሽን እንደታመመ የሚናገሩ ሰው ናቸው። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ሴት ቴክኒሺያን ብለው ሌሎቹ ሲሳሳቁ፣ መፍቻውን ሰጥተውኝ «ነይ ስሚው፣ ይኼ ሰውዬ ዛሬ ጉሮሮው ታሟል» ያሉኝ እሳቸው ናቸው።

አደጋው በደረሰበት ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ የኮምፕረሰሩ ድምፅ አላማራቸውም። ቧንቧውን ተከትለው ወደ አይብ ክፍሉ ኮሪደር ሲደርሱ ደግሞ ሸተታቸው። ወደ ፈረቃ ኃላፊው ሄደው ክፍሉ ይለቀቅ አሉ። የፈረቃ ኃላፊው ስክሪኑን አየና፣ «ጋሼ፣ ሁለት ነው የሚለው። እንዲያውም ከሁሉም ሰላም አይብ ክፍል ነው። የትናንትናው ጥገና ሽታ ይሆናል» አላቸው። «ስክሪኑ አፍንጫ አለው እንዴ ልጄ?» ብለውት ወጡ። በፈረቃ ኃላፊው አልፈርድም። «ውሳኔ በስክሪን እንጂ በግምት አይሰጥም» የሚል በእርስዎ ፊርማ የወጣ ሰርኩላር ጠረጴዛው ላይ በመስተዋት ሥር ተቀምጦለታል።

በዚያን ሰዓት አይብ ክፍሉ ውስጥ ሁለት የማሸጊያ ሠራተኞች ነበሩ። ታላቅየዋ ኋላ ስትነግረኝ፣ «ዓይኔን ሲቆጠቁጠኝ ጨው የገባብኝ መሰለኝ። ቀና ብዬ በሩ ላይ ያለውን ስክሪን ሳየው አረንጓዴ ነው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ብዬ ተመልሼ አጎነበስኩ» አለችኝ። እባክዎ ይህችን ዓረፍተ ነገር ቆም ብለው ያንብቡልኝ፤ ሰው የገዛ ዓይኑን ትቶ ስክሪን እስኪያምን ድረስ አሠልጥነነዋል።

ትንሽ ቆይቶ በጥጉ ያለው ቫልቭ ለቀቀና ክፍሉ በነጭ ጉም ተሞላ። ጋሽ ጆሮ ጋዋናቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው አፍና አፍንጫቸው ላይ አስረው ገቡ። ታናሺቱን እጇን ይዘው አወጧት። ታላቅየዋ ከመደርደሪያው ጀርባ ወድቃ ስለነበር ተመልሰው ገቡ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲወጡ በአንድ እጃቸው እሷን እየጎተቱ፣ በሌላው ግድግዳውን እየዳበሱ ነበር። እኔ ከወርክሾፕ ሮጬ ስደርስ ሠራተኞች ጋሽ ጆሮን ኮሪደሩ ወለል ላይ አስተኝተው ዓይናቸው ላይ ውሃ ያፈሱላቸዋል። ከራሳቸው በላይ ስክሪኑ በአረንጓዴ «ሁለት» ይላል። እኔ የሰቀልኩት ስክሪን፣ እኔ የፈረምኩለት ስክሪን።

ሴቶቹ ተርፈዋል፤ ታላቅየዋ ደረጃ ስትወጣ እስከ ዛሬ ያስላታል። የጋሽ ጆሮ ቀኝ ዓይን ጠፍቷል፤ በግራው ብርሃንና ጥላ ይለያሉ። ሐኪሙ ከዚህ በላይ ተስፋ አልሰጣቸውም።

በማግስቱ የአይብ ክፍሉን ሴንሰር የሽቦ መገናኛ ሳጥን ከፈትኩ። ከአይቡ የሚንጠባጠበው የጨው ውሃ ሽቦውን በልቶ ጨርሶታል። ከኮምፒውተሩ መዝገብ አወጣሁ፤ ቁጥሩ ለአሥራ ዘጠኝ ቀን ከሁለት ፈቀቅ አላለም። ሰው የሚገባበት፣ የሚወጣበት፣ በር የሚከፈትበት ክፍል ቁጥሩ አንዴ አንድ፣ አንዴ ሦስት እያለ ይዋልላል፤ እንዲህ ቀጥ ብሎ የሚቆም ቁጥር በድን ነው። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ በዚያ ስክሪን አጠገብ አልፌያለሁ፤ ቀና ብዬም አላየሁትም። ይህንን በእርስዎ ላይ አላላክክም።

ሦስተኛ፦ አጣሪ ኮሚቴ በፍጥነት ስላቋቋሙ አመሰግናለሁ። ኮሚቴው እኔን አልጠራም፣ ሁለቱን ሴቶች አልጠየቀም፣ መገናኛ ሳጥኑንም አላየም። በዚህም ጊዜ ቆጥቦ በአራት ቀን ውስጥ «ኦፕሬተሩ ሲስተሙ ሰላማዊ ሁኔታ እያሳየ ባለበት ያለ በቂ ምክንያት ወደ ክፍሉ በመግባት ራሱን ለጉዳት ዳርጓል» ብሎ ደምድሟል። ሲስተሙ ትክክል ከነበረ ክፍሉ ውስጥ ጋዝ አልነበረም፤ ጋዝ ካልነበረ የሰውዬውን ዓይን ያጠፋው ምን እንደሆነ ሊቃውንቱ የኮሚቴ አባላት ቢያብራሩልን እውቀታችን በሰፋ ነበር።

ደብዳቤው ቤታቸው ሲደርስ ልጠይቃቸው ሄጄ እዚያው ነበርኩ። ያነበበችላቸው ሴት ልጃቸው ናት። ግድግዳው ጥግ ባለችው ወንበር ተቀምጠው፣ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኖ፣ አንገታቸውን ወደ ድምፅዋ ዘንበል አድርገው ሰሙ። ስትጨርስ «እስቲ ድገሚልኝ» አሏት። ደገመችላቸው። «ያለ በቂ ምክንያት ነው የሚለው?» አሉ። «ልጆቹ ውስጥ ነበሩ እኮ።» ልጅቷ ወረቀቱን አጥፋ ወደ ጓዳ ገባች።  መልስ የሚጠበቀው ከእርስዎ እንጂ ከእኔ አልነበረም ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል።

አራተኛ፦ ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ከዚያ ቤት እንደወጣሁ በቀጥታ ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ሄድኩ። የይለፍ ቃሉን ከማን እንዳገኘሁ ቢጠይቁኝ አልናገርም፤ በዚህ ፋብሪካ ውስጥ እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ብቻ አለመሆኔን ግን ይወቁልኝ። የአይብ ክፍሉን ሽቦ ቀደም ብዬ ቀይሬ ነበር። አዳፕተሩን ከፍቼ፣ ሽቦ ሲቋረጥ የድሮውን ቁጥር ከመደጋገም ይልቅ «ሲግናል የለም» እንዲል አዘዝኩት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ወዲያው ከአሥራ ሁለቱ ሦስቱ ቀይ ሆኑ። ደማቸውን ያጡት ሽቦዎች መሞታቸውን የተናገሩት ያኔ ነው። በማግስቱ ጎብኚዎችዎ መጡ፣ ቀዩን አዩ፣ እርስዎም አፈሩ። እኔ ግን ስላፈሩ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሳይረኑን የሚተካ ነገር በመጨረሻ ተገኘ ብዬ።

አሁን «በአስቸኳይ ወደ ነበረበት ይመለስ» ብለዋል። አልመልሰውም። ሳይረኖቹ መጋዘን አሉ፤ በሁለት ቀን በገዛ እጄ እሰቅላቸዋለሁ። ከጋሽ ጆሮ ማኅደር ውስጥም ያ የኮሚቴው ገጽ ይውጣ። በምትኩ ጥፋተኛ መጻፍ የግድ ከሆነ፣ ፊርማዬ ያለበት የርክክብ ቅጽ ከዚህ ጋር ተያይዟል፤ ከሥሩ «አጽድቄአለሁ» የሚለው ፊርማም በደንብ ይነበባል። የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ ለሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ደርሷል፤ የተቀበሉበት ማኅተም ጀርባው ላይ አለ።

የቅቤ ክፍል ሠራተኞች ከትናንት ጀምሮ ስክሪኑ ቀይ በሆነው በራቸው ላይ ቆመዋል፤ ቀዩ ሳይነሳ አንገባም ብለዋል። እኔ አላልኳቸውም። ማንበብ ይችላሉ።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ ስለ ጸጥታው፣ ስለ ሪባኑ፣ ስለ ኮሚቴውና ስለ ማስጠንቀቂያው የማይነጥፍ ምስጋናዬን ዳግም እያቀረብሁ፣ ከደረጃው በታች ካለው ወርክሾፕ ሆኜ በጥልቅ አክብሮት እጅ የምነሳ፣

ግለሰቧ
የመለኪያ መሣሪያዎች ጥገና ቴክኒሺያን

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ከሦስቱ ቀይ ሴንሰሮች አንዱ ከቢሮዎ ግድግዳ ጀርባ በሚያልፈው ዋናው የአሞንያ ቧንቧ መተላለፊያ ውስጥ ያለው ነው። መዝገቡ እንደሚያሳየው ሲግናሉ የተቋረጠው ከሰባት ወር በፊት ነው። ገብቼ ሽቦውን ልቀይር ብዬ የበሩን ቁልፍ ስጠይቅ በቀጠሮ ብቻ እንደሆነ ተነግሮኝ ለመጪው ወር ሃያ ሁለት ቀጠሮ ተይዞልኛል። እስከዚያው መስኮትዎን ከፍተው ቢሠሩ ደግ ነው።