የጎን በሩ

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 9

ሚስተር ማኬይ ዛሬም ቁርሳቸውን ሳይጨርሱ «ፎልደሩን አምጪ» አሉ። ኦክላንድ ውስጥ ስንት ሽማግሌ ተንከባክቤያለሁ፤ እንደ እሳቸው ያለ አልገጠመኝም። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። ዓይናቸው ደክሟል። ከስኮትላንድ ከወጡ ሃምሳ ዓመት አለፋቸው። ግን የግላስጎውን ሰፈሮች ታሪክ ሳይጨርሱ መሞት አይፈልጉም። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ ላፕቶፑ ላይ እጽፋለሁ። የትኛው ሰፈር ድሮ ለብቻው ከተማ እንደነበር... የትኛው አዳራሽ መቼ ተሠርቶ መቼ እንደተቃጠለ...

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 12

እሳቸው ያደጉበት ሰፈር ላይ ደረስን። አዳራሹ አራት ነበር አሉ፤ ሦስቱን አጻፉኝ።

«አራተኛውስ?»

«ተቃጠለ።»

«ሌሎቹም ተቃጥለዋል። ጽፈናል እኮ።»

«ደክሞኛል፣ ረምዚያ።»

እንቅልፍ ሲወስዳቸው ፎልደሩን ከፈትኩ። ከታች ቢጫ የሆነ የጋዜጣ ቁራጭ። የጭፈራ አዳራሽ ቃጠሎ፣ በ1961። አንዲት ልጅ ሞታለች... ሺና፣ አሥራ ሰባት ዓመቷ። የጎን በሩ ተቆልፎ ነበር ይላል። ማን እንደቆለፈው አልታወቀም።

ለምን እንዲህ ረበሸኝ? ሳላስፈቅድ ማንበቤ ነው?

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 15

ባርት ባቡር ላይ ቁጭ ብዬ የማስበው ስለዚያ በር ብቻ። ሺና ልጄን ሌይላን በአንድ ዓመት ብቻ ነው የምትበልጣት።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 21

የታላቅ ወንድሜ የባህረዲን ልጅ ካውሰር ዛሬ ተዳረች። የተከራዩት አዳራሽ ጢም ብሏል። ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ሙሽራዋን አይደለም... የጎን በሩን ነው። በሰንሰለት ታስሯል።

«ባህረዲን፣ ይሄ ለምን ተቆለፈ?»

«ሕፃናቱ እየሮጡ መንገድ ገቡብን። ዛሬን ብቻ ነው፣ ተዪው።»

«ክፈተው።»

«ረምዚያ! በልጄ ሰርግ?»

ትቶኝ ሄደ። ከዚያ ምን ነካኝ? መንዙማ ከሚያወጣው ሰውዬ እጅ ማይኩን ወሰድኩ። «ያ በር እስኪከፈት ሰርጉ አይቀጥልም» አልኩ። እኔ! ሰው ፊት ተናግሬ የማላውቅ ሴትዮ! ሌይላ ክንዴን ይዛ «ማም፣ ፕሊስ ስቶፕ» ትለኛለች። ባህረዲን መጣና ሰንሰለቱን ራሱ ፈታ። ቀና ብሎ አላየኝም።

በሩ አጠገብ ወንበር ስቤ ሕፃናቱን ስጠብቅ ዋልኩ። እሳት አልተነሳም። ምንም አልሆነም። አበደች ነው የሚሉኝ...

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 23

ባህረዲን ስልክ አያነሳም። ይቅርታ ልበለው? ለማይኩ እሺ። ለበሩ ግን አልልም።

ሚስተር ማኬይ ከድምፄ አወቁብኝ። «ምን ሆነሻል?» አሉ። ነገርኳቸው። የጋዜጣውን ቁራጭ ማንበቤንም ጭምር። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ።

«ወንድምሽ ከፈተው?»

«ከፈተው።»

«እኔንም ለምናኝ ነበር» አሉ። «ሺና። ሙቀት ነው፣ ክፈተው አለችኝ። እኔ ነበርኩ በር ጠባቂው። ያልተጠሩ ጎረምሶች በጎን ይገቡ ስለነበር ቆልፌው ነበር። ቆይ አልኳት። ጭሱ ሲመጣ ከሰው ጋር ተገፍቼ በፊት በር ወጣሁ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር።»

«ለማንም አልተናገሩም?»

«ላንቺ ተናገርኩ።»

እጃቸውን ያዝኩ። ቀዝቅዞ ነበር።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 25

ባህረዲን ጠዋት ቴክስት አደረገልኝ። «ደህና ነሽ?» ይላል፣ ሌላ የለውም። ቂሙ ገና አልወጣለትም። ግን ጻፈ።

ሚስተር ማኬይ ቁርስ አልነኩም። «ዛሬ አራተኛውን አዳራሽ እንጽፋለን» አሉ። የሺና ታናሽ እህት አሁንም ግላስጎው አለች፤ ሲያልቅ መጀመሪያ ለእሷ እንድልክላት ነገሩኝ። ድምፃቸው እየተቆረጠ ተናገሩ፣ እኔም ጻፍኩ። «የጎን በሩ ተቆልፎ ነበር» የሚለው ጋ ስደርስ አነበብኩላቸው።

«አይደለም» አሉ። «በር በራሱ አይቆለፍም። ማን እንደቆለፈው ጻፊ።»

ስማቸውን በየሳምንቱ ፎርም ላይ የምሞላው እኔ ነኝ። አሳምሬ አውቀዋለሁ። እሳቸው ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ፊደል በፊደል፣ ቀስ ብለው ነገሩኝ። እንዳልሳሳት።