የአባየ ፈቃድ

ዳንግላ፣ የካቲት ፲ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለእንየው፣

ከተለየኸን ጀምሮ ጤናህን ከጊዮርጊስ ደጅ የምለምንልህ እኔ እህትህ ይታይሽ ነኝ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ዩኒቨርሲቲው የአውሮፕላን መሳፈሪያህን ችሎ ኢባዳን ወደሚደረገው የተማሪዎች ጉባኤ ሊልክህ መሆኑን ለገና የጻፍህ ጊዜ፣ አባየ እንዴት ደስ እንዳላቸው! አባት ይፈቅድ ዘንድ የሚጠይቀው ወረቀት ግን የደረሰን ባለፈው ቅዳሜ ነው። አሻራ ተደርጎበት ተመልሶልሃል። አሻራው ለአባየ ጣት ጠበብ ካለብህ፣ ቀለሙ ደርቆ ነው።

እናታችን ደህና ናቸው፤ ቤታችንም ሰው አይለየውም። ለጥር ጊዮርጊስ የአባየን ፈረስ ጋልቦ የወጣው አጎታችን ውብአየሁ ነው። ፈረሱ ግን አልታዘዝ ብሎ አስቸገረው።

አባየ በጥር መግቢያ «እንየው መቼ ነው የሚመጣ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። «ጉባኤው ያመልጠዋል፣ አንጥራው» ብየ የከለከልሁ እኔ ነኝ። ከተቆጣህ እኔን ብቻ ተቆጣ።

በመንገድህ ሁሉ ማርያም ትቅደም። ስትመለስ ግን ከአውቶቡስ ወርደህ በቀጥታ ወደ ቤት እንዳትመጣ። ከአጎታችን ቤት እደር፤ ማለዳ ሁላችንም እንመጣለን።

እህትህ ይታይሽ