ምዕራፍ ሃያ ሰባት ላይ ለምን እንደቆምኩ

ውድ ጋሼ፣

አንተ በድምፅ የተረክኸው ያ የወንጀል ልብ ወለድ አገሩን ሁሉ ሥራ አስፈትቷል። ታክሲ ውስጥ አንተ፣ ፀጉር ቤት አንተ። እኛም ላውንደሪው መተኮሻ ክፍል ውስጥ ስልክ ከስፒከር ጋር አገናኝተን፣ ሸሚዝ እየተኮስን ስንሰማህ ሰነበትን። የተራኪው እህት መሆኔን ያወቁ ዕለት ሻይ የሚጋብዘኝ በዛ።

እነሱ በሳምንት ጨረሱት። እኔ ይኸው ሦስት ወር ሆነኝ፤ ከምዕራፍ ሃያ ሰባት ማለፍ አቃተኝ።

ገና ምዕራፍ አምስት ላይ «ገዳዩ ሐኪሙ ነው» ብዬ ነበር። አጠገቤ የምትተኩሰው፣ ሰው ሁሉ ላይ ጣቷን ስለምትቀስር «መርማሪዋ» የምንላት፣ ሳቀችብኝ።

«ያ የዋህ ሰውዬ? ተይ እባክሽ።»

«ስሚው እስቲ። ሊዋሽ ሲል ምራቁን ይውጣል።»

«ምራቁን የዋጠ ሽማግሌ ነዋ፣ ምን ያድርግ!»

ምን ብዬ ላስረዳት? ልጆች ሳለን ስኳሩ በጎደለ ቁጥር እማዬ ሁለታችንን አቁማ ስትጠይቅ፣ «እኔ አይደለሁም» ከማለትህ በፊት ጉሮሮህ ወረድ ብሎ ይወጣ ነበር። እማዬም «ዋጠ፤ በቃ፣ ሌባው ተገኘ» ብላ ትስቃለች። ለሐኪሙ ያንኑ ሰጠኸው። አውቀህ ይሁን ሳታውቅ እንጃ፤ ሰዉ ግን ችሎታ ብሎታል።

ምዕራፍ ሃያ ሰባት ላይ ሐኪሙ የሟቿን ልጅ «በሰላም ነው ያረፈችው። አጠገቧ ነበርኩ» ይላታል። «አጠገቧ» ከማለትህ በፊት ዋጥክ። ካውያውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ፤ የሰው ነጭ ሸሚዝ አቃጠልኩ።

እማዬ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ፣ ፈረቃዬን ጥዬ ልመጣ ስል «አንቺ ሥራሽን ጨርሺ፤ እኔ አለሁ» አልከኝ። ከሰዓት በኋላ የላክህልኝ የድምፅ መልእክት ዛሬም ስልኬ ውስጥ አለ። «በሰላም አረፈች። አጠገቧ ነበርኩ። ስምሽን ጠራች።» ሁለት ዓመት የተጽናናሁት በዚያች መልእክት ነው። መሐል ላይ የዋጥካትን ምራቅ ሰምቻታለሁ። ከእንባህ ጋር የምትታገል መስሎኝ፣ ለራሴ ማዘኑን ትቼ ላንተ አዝኜ ነበር።

ሸሚዙ የተቃጠለ ዕለት መልእክትህን መልሼ ከፈትኩት። ያቺ ምራቅ እዚያው ቦታ ላይ ናት፤ «አጠገቧ» ከማለትህ በፊት።

ካልነበርክ የት ነበርክ? ስሜን መጥራቷንስ ማን ነገረህ? ዋሽተኸኝ ብቻ ቢሆን በስኳሩ ለምጄዋለሁ። አንጀቴን ያሳረረው መምጣት እየቻልኩ ማስቀረትህ ነው። ብቻዋን ከሄደች፣ ያን ቀን የማንን ሸሚዝ እየተኮስኩ እንደነበር እንኳ አላስታውስም።

ትናንት መርማሪዋ «ጨርሺውና እንገላገል። ልክ ነበርሽ፣ መጨረሻ ላይ ሐኪሙ ራሱ ይናዘዛል» አለችኝ። ጭራሽ ያስፈራኝ ይኼ ነው። ሰው ሁሉ በአንተ ድምፅ የሌላ ሰው ኑዛዜ ሰምቶ አጨብጭቧል። እኔ የአንተን ሳልሰማ የእሱን አልሰማም።

ለዚህ ደብዳቤ በደብዳቤ እንዳትመልስልኝ። ወረቀት ጉሮሮ የለውም። በድምፅ ላክልኝ። «አጠገቧ ነበርኩ» በል፣ ወይም «አልነበርኩም» በል። ሁለተኛውን ከሆነ የምትለው፣ እንደማትውጥ አውቃለሁ። የላክኸውን፣ የትኛውም ይሁን፣ እስከ መጨረሻው እሰማዋለሁ።

መልስህን የምትጠብቅ፣
እህትህ