ለአምለሰት የሚመለስ ግኝት

እኔ ፕሮፌሰር ገነነ ስመኘው፣ ልቤ ቢደክምም አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም ከተማ በመኖሪያ ቤቴ፣ በአራት ምስክሮች ፊት የመጨረሻ ቃሌን አጽፋለሁ። ጸሐፊው ይፍጠን፤ ፋታ የለኝም።

ቤቱን ከነዕቃው ለአንድያ ልጄ ለሕሊና አውርሻለሁ። ቡሬ አጠገብ ካለው የአባታችን መሬት ድርሻዬን ለወንድሜ ለእጅጉ ሰጥቻለሁ። «የአረም ሐኪም» እያለ በገበያ መሐል ሲስቅብኝ ኖሯል፤ ሆኖም እናታችንን የጦረ እሱ ነው፤ እኔ አልነበርኩም።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልለፍ። አርባ ዓመት የዕፅዋትን የዘር ግንድ፣ ኋላም በዲኤንኤ፣ ስመረምር ኖሬያለሁ። ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ተማሪዬ አምለሰት ከቡሬ በታች ካለ የቤተ ክርስቲያን ደን አንዲት ዛፍ ላይ የምትጠመጠም ሐረግ አምጥታ፣ «ፕሮፌሰር፣ ይህቺ ገና ስም ያልወጣላት ዝርያ ናት» አለችኝ። እኔ ግን አስቀድማ ከምትታወቅ ሐረግ ጋር አንድ ናት ብዬ በመጽሐፌ አትሜ ነበርና ሐረጊቱን ሳላስመረምር የመመረቂያ ጽሑፏን ጣልኩባት። ትምህርቷን አቋርጣ ወደ ቡሬ ተመለሰች።

ከስምንት ዓመት በኋላ የሁለቱን ሐረጎች ዲኤንኤ አስመርምሬ ሳስተያይ፣ ከተለያዩ እጅግ ረጅም ዘመን ሆኗቸው አገኘሁ። እውነቱ የእሷ ነበር። ውጤቱን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ከዚያ ወዲህ ተቀምጬም ተኝቼም ዕረፍት የለኝም።

ስለዚህ ያ ውጤት፣ የደረቁ ናሙናዎቼና ማስታወሻዎቼ ሁሉ ለአምለሰት ይሰጡ። ጥፋቴም አብሮ ይታተም። ለሐረጊቱ ስም የምታወጣው እሷ ናት፤ የእኔ ስም እንዳይሰጣት ከልክያለሁ።

ይህን ሳስጽፍ ሕሊና፣ «አባባ፣ ስምዎ ይጎድፋል እኮ!» ብላ አለቀሰች።

«የጎደፈውስ ድሮ ነው፣ ልጄ» አልኳት።

ከምስክሮቹ አንዱ መሪጌታ ሃይለ ሚካኤል ግን ተቆጡኝ፦ «ሙት ይቅርታ አይጠይቅም። አፍዎ ሳይዘጋ ይደውሉላት እንጂ!»

ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ስድብ ስጠብቅ፣ «እኔ ከዚያ ወዲህ ደኑን አልረገጥኩም፤ ሐረጊቱ አሁንም አለች?» ብላ ጠየቀችኝ።

አላውቅም። እኔም ሄጄ አላየኋትም፤ ደኑ ዳር ዳሩን እየተመነጠረ መሆኑን ግን ሰምቻለሁ።

ስለዚህ ይህን አስጨምሬያለሁ፦ መኪናዬ ከዛሬ ጀምሮ የአምለሰት ናት፤ ሞቴ አይጠበቅ። ሕሊና ነገ ማልዳ ነድታ ታድርስላትና አብረው ደኑ ይግቡ። ያገኙትን ይንገሩኝ፤ ባያገኟትም አይደብቁኝ።

ቃሌ ተነብቦልኝ የእኔ መሆኑን አረጋግጫለሁ። ፊርማውም የእኔ ነው።

ተናዛዥ፦ ገነነ ስመኘው (ፊርማ)

ሰምተንና አይተን የፈረምን ምስክሮች፦
መሪጌታ ሃይለ ሚካኤል ገብረሰንበት (ፊርማ)
አቶ ዳኘው ዘሚካኤል (ፊርማ)
ወይዘሮ እናኑ አያሌው (የጣት አሻራ)
ወይዘሮ አደይ ምሕረት (ፊርማ)

ጸሐፊ፦ ይታገሱ ዓለሙ (ፊርማ)