የጫማ ፍለጋው ዘፈን

ለእህቴ ለእትዬ ዘሀራ፤
ሎጊያ

አሰላሙ አለይኩም እትዬ። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽን ይዞሽ የነበረው ሕመም ለቀቀሽ ወይ? ሙሐመድሰዒድስ ደህና ነው? ጎማ ሲፈታ የተቆረጠው ጣቱ ጠገገለት? ትንሿ ሙስሊማ ጥርስ አበቀለች? የአማትሽ ዓይን ተሻላቸው? የሎጊያ ንፋስ ዘንድሮስ ቆርቆሯችሁን ማረላችሁ? ከእናንተ ወሬ ከሰማን ስለቆየን እማ ከየሶላቱ በኋላ ስማችሁን እየጠራች ዱዓ ታደርጋለች።

ደብዳቤ ሲጀመር እኛ ደህና ነን ይባላል። እኔ ግን እዚህ መስመር ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን ይዤ ብዙ ቆየሁ። አባና እማ በሕይወት አሉ፣ አልሐምዱሊላህ፤ እኔም አለሁ። የቀረውን ግን ደህና ነው ብዬ መጻፍ አልቻልኩም።

ይህን ወረቀት የሚያደርስልሽ ሾፌሩ ካሕሳይ ነው። በፖስታ ቤት እንዳልልክ አባ ከልክለውኛል። አንብበሽ ስትጨርሺ እሳት ውስጥ ጨምሪው። የወንድማችንን ስም አልጽፍም፤ ረጅሙ እለዋለሁ። የጎረቤታችንንም ስም እተዋለሁ፤ የዘፋኙን የጋሽ ሀብቴን ፎቶ ከገብርኤል ሥዕል ጎን የሰቀለችው ስልሽ ታውቂያታለሽ። ከሁሉ በፊት ግን የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። ረጅሙ እናንተ ዘንድ ደርሷል ወይ? ከዚህ ከወጣ ሳምንት አለፈው፤ የወሰደው መኪና እስካሁን አልተመለሰም። ለምን እንደወጣ ልንገርሽ።

ፋኖስ ባንድ ሊመጣ እንደሆነ የሰማነው ከቀበሌ ነው። ድምፅ ማጉያ የያዘ ሰው በመኪና እየዞረ፣ ጋሽ ሀብተ ሥላሴና ባንዱ ለአዋሽ ሰባት ወጣቶች በነፃ ሊጫወቱ ነውና ወጣት የሆነ ሁሉ እንዳይቀር አለ። ሰዓቱም ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው ተባለ። አባ ይህን ሲሰሙ የያዙትን ብርጭቆ አስቀመጡ። ጋሽ ሀብቴ አዋሽ ላይ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዘፍኖ አያውቅም፣ የጊታሩ ክር በሙቀት ይላላበታል ብለው ገረማቸው። ቆየት ብሎ ግን ደስታው በለጠባቸውና እማን ነጩን ሸሚዜን ተኩሺልኝ አሏት።

የአባን ነገር ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ሰሞኑን ሲመላለስብኝ ስለሚውል ነው የምጽፈው። ከወሎ ወጥተው ድሬዳዋ ሥራ ሊፈልጉ ሲሄዱ ባቡሩ ማታ ለእራት እዚህ ቆመ። በጣቢያው ቡፌ ግቢ አንድ ቀጭን ጎረምሳ በኤሌክትሪክ ጊታር ይዘፍን ነበር። አባ እሱን ሊያዩ ወረዱ፤ ባቡሩ ከነጓዛቸው ጥሏቸው ሄደ። ከዚያ ወዲህ የትም አልሄዱም። እማ ሙቀቱ ሲያማርራት፣ አንድ ጊታር ነው እዚህ ምድጃ ላይ የጣደን የምትለው ለዚህ ነው። አባ በዕድሜ ከሚቀርቧቸው ሰዎች ሁሉ በሌለበትም ቢሆን አንተ የሚሉት ጋሽ ሀብቴን ብቻ ነው። እኛም ከሳቸው ወርሰን እንደ ቤታችን ሰው እሱ እንለዋለን።

አንቺ ካገባሽ ወዲህ ባንዱ አርጅቷል። ሳክስፎን የሚነፋው ጥርስ አስተክሏል፤ ድራም መቺው መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያስረዋል። የኪነት ቡድን ተብለው ከተመዘገቡ ወዲህ ዘፈናቸው ስለ ምርትና ስለ ዘመቻ ሆኗል። እነ አባ ግን እነዚያን እያጨበጨቡ ያሳልፉና የድሮዎቹን ይጠብቃሉ። የጋሽ ሀብቴም ድምፅ ተሰንጥቋል። በመጨረሻው ዘፈን ውስጥ ያቺን ከፍ የምትለውን ቦታ መድረስ ስላቃተው፣ እዚያ ሲደርስ ማይክራፎኑን ወደ ሕዝቡ ያዞራል፤ ነባሮቹ እነ አባ ያነሱለታል። አንድ ጊዜ እማ፣ ዘፋኙ እሱ ነው ወይስ እናንተ ብላ ስትቀልድ አባ፣ «ይህን ሁሉ ዘመን እሱ ተሸከመን፤ አንዲት ቦታ ብንሸከመው ምን አለበት» አሏት።

የመጨረሻው ዘፈን ያልኩሽ ያው የጫማ ፍለጋው ነው። እውነተኛ ስሙን እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም። የባቡር ጩኸት ሰምቶ ከወዳጁ ቤት ስለሚነሣ ሰው ነው የሚለው። አዋሽ ላይ በላስቲክ ጫማ መጨፈር አይቻልም፣ ላቡ ያንሸራትታል፤ ሰው ሁሉ ጫማውን ግድግዳ ሥር አውልቆ ነው የሚጨፍረው። ያ ዘፈን ሲጀመር ጨዋታው አለቀ ማለት ስለሆነ ሁሉም ጎንበስ ብሎ ጫማውን ይፈልጋል። በሌላ ከተማ ይህን ስም አያውቁትም አሉ። እኛ ቤት እንግዳ አልሄድ ሲል እማ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ ቀስ ብላ «ጫማ ፈልጉ» ስትለን ሳቃችንን አፍነን እንደምንወጣ ታስታውሻለሽ።

በዚያ ቀን እኔ በቀበሌው አዳራሽ በጓሮው በር ለስላሳ እንድሸጥ ተደርጎ ነበር። ሰው ፊት መቆም እንደማልወድ ታውቂያለሽ፤ ጥግ ስለሆነ ተስማማኝ። ከጥጥ መጋዘኑ ጀርባ ሸራ የለበሰ ኦራል መኪና ቆሞ አየሁ። በሸራው ቀዳዳ የወታደር ጉልበት በጉልበት ላይ ተደራርቦ ይታያል። ዘፈን ሊሰሙ የመጡ መሰለኝ። በዚህ ሙቀት ውኃ ልውሰድላቸው ብዬ አስቤ አፍሬ ተውኩት። እትዬ፣ እንዲህ ያለሁ ሞኝ ነኝ።

ጋሽ ሀብቴ ጊታሩን ይዞ በእኔ በኩል ሊገባ ሲል መኪናውን አየ። ቆመ። እኔ ለስላሳ ከፍቼ ሰጠሁት፤ ተቀበለኝና ሳይጠጣው መለሰልኝ። ያኔ ነው እኔም ወታደሮቹ ዘፈን ሊሰሙ እንዳልመጡ የገባኝ፤ ግን ለማን ልናገር? በሩ ላይ ጠባቂ ቆሟል።

ረጅሙና ጓደኞቹ ጫማቸውን አውልቀው ከፊት ቆመዋል። እነ አባ ከኋላ ወንበር ላይ ናቸው። የቀበሌው ሊቀመንበር ስለ ብሔራዊ ውትድርና ተናግሮ ሲጨርስ የዘመቻ ዘፈን ነበር የሚጠበቀው። ጋሽ ሀብቴ ግን እንደ ልማዱ ሰላምታ እንኳን ሳይሰጥ በቀጥታ የጫማ ፍለጋውን ጀመረ። ወጣቶቹ በሳቅ ፈረሱ። የረጅሙ ጓደኛ ቢሰጥ፣ «ሽማግሌው ተምታታበት፤ ሳንጨፍር ሊሸኘን ነው» ብሎ ጮኸ። አባም መጀመሪያ ፈገግ ብለው ነበር። ከዚያ ድራም መቺውን አዩት፤ አቀርቅሯል። ሳክስፎን ነፊውን አዩት፤ ዓይኑን ጨፍኗል። ፈገግታው ፊታቸው ላይ ሲደርቅ ከበሩ ሆኜ አየሁት። ያን ዘፈን መጀመሪያ ላይ ዘፍኖት አያውቅማ።

አባ ከመነሣታቸው በፊት ጎረቤታችን ተነሣች። በነጠላዋ እያራገበች ወደ ወጣቶቹ መካከል ሄደችና «ወይኔ ሙቀቱ» ብላ እዚያው ተዘረረች። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። አባ፣ ጎረምሶች የት ናችሁ፣ አንሱልኝ እንጂ እያሉ ረጅሙን በክንዱ ጎተቱት፣ ሌሎቹንም ጠሩ። የበሩ ጠባቂ ሁለት ሰው ይበቃል ብሎ ከለከለ። አባ ወደ እሷ አመለከቱና «አንተ ልጅ፣ እስቲ እያት፤ ይችን ሁለት ሰው ያነሣታል?» አሉት። ጠባቂው ሳቀና ገለል አለ። ረጅሙ እግሯን ይዞ፣ የሰፈሩ ልጆች ከግራ ከቀኝ ተሸክመዋት በአጠገቤ ወጡ። እነ አባም እንደ አስታማሚ ተከትለው ወጡ። ከሽንት ቤቱ ግድግዳ ጀርባ ሲደርሱ ዓይኗን ገለጠችና በእግሯ ቆመች። «ወደ ቤታችሁ አትሂዱ። ሩጡ ብቻ» አለቻቸው። ኋላ ለእማ፣ ይህ ሥጋዬ አንድ ቀን እንኳን ጠቀመ ብላ ስትስቅ ቆይታ አለቀሰች።

አዳራሹ ውስጥ ዘፈኑ አላለቀም ነበር። ጋሽ ሀብቴ ከፍ የምትለው ቦታ ሲደርስ ማይክራፎኑን አዞረ፤ የሚያነሱለት ሰዎች ግን ወጥተዋል። ብቻውን ሞከራት። ተሰበረችበት። እኔ ቃሏን አፌ ውስጥ ይዣት ነበር፤ ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣልኝም። ከዚያ በሮቹ ተዘጉ።

ስለ ቀረው ብዙ መጻፍ አልችልም። ውስጥ የቀሩትን ወጣቶች ወታደሮቹ በኦራሉ ለውትድርና ጫኗቸው። ቢሰጥም አለበት። እየሳቀ ነበር እኮ። እናቱ እትዬ ንጋትወርቅ አሁን በደጃችን ስታልፍ ቀና ብላ አታየንም። እማ ወጥ ብትልክላት በሳህኑ እንዳለ መለሰችው። እማም አልተቀየመችም፣ እኔም ብሆን እመልሰው ነበር አለች።

ረጅሙን አባ ሲመሽ ከአሮጌዎቹ ፉርጎዎች አንዱ ውስጥ አገኙት። ወደ አሰብ ባዶውን በሚወርድ መኪና ሸራ ሥር አስገቡት። ሾፌሩ ከሚሌ ኬላ በፊት ሊያወርደው፣ እሱም በእግሩ ዞሮ ማዶ ሊጠብቀው ነበር ስምምነቱ። ችግሩ ባዶ እግሩን ነው የሄደው። ያንን ጥቁር ድንጋይ በቀን እንዴት እንደሚራመድበት ሳስብ የእኔ እግር ይቃጠላል።

ጫማው አዳራሽ ቀርቷል። በማግስቱ የቀሩትን ጫማዎች ሁሉ ሰብስበው ቀበሌው ደጃፍ ከመሩት፤ የራሱ የሆነ ሰው መጥቶ ይውሰድ ተባለ። አጠገቡ አንድ ጠባቂ ቆሟል። አንድም ሰው አልሄደም። ማን ይሄዳል? የረጅሙ ጫማ ከላይ ነው ያለው፤ እማ በሰማያዊ ክር የሰፋችው ያ ቀኙ። እማ ገበያ ስትሄድ በዚያ ታልፋለች፤ አይታ እንዳላየች ሆና ታልፍና ቤት ስትገባ ውኃ ትጠይቀኛለች። እኔ ሌሊት በራችን በተንኳኳ ቁጥር ክሩን ተከትለው የመጡ ይመስለኛል።

ጋሽ ሀብቴን እዚሁ ፖሊስ ጣቢያ አስረውታል። ድራም መቺው ለአባ እንደነገራቸው፣ ሲጠይቁት፣ አርጅቻለሁ፣ የዘፈኑ ተራ ጠፋብኝ ብሎ ያንኑ ይደጋግማል። አላመኑትም። እዚህ ዘመድ የለውም። አባ ስንቅ ይወሰድለት ሲሉ እማ ተቆጣች፤ በዘፋኝ የተነሣ ሴቷንም ልጄን ልጣ ወይ አለች። አባም «የኛን ልጅ ያወጣው ማን ሆነና ነው?» አሏት። እማ ተነሥታ እንጀራውን ጠቀለለች። ሴት ልጅን ብዙም አይጠረጥሩም ተብሎ የምወስደው እኔ ሆንኩ።

መጀመሪያ ቀን ስደርስ በሩ ላይ የምሳ ዕቃ ተደርድሯል። ከሁሉም ቤት ነው የመጣው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ልኳል። ጠባቂው፣ ይህ ሰውዬ የታሰረው ነው ወይስ ሠርግ የደገሰው ብሎ አላገጠ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ግን ስንቅ የላክን ሰዎችን በልቡ እየመዘገበ መሰለኝ።

ትናንት ሳህኑን ልቀበለው ጎንበስ ስል ጋሽ ሀብቴ አተኩሮ አየኝ። የአባትሽን ግንባር ይዘሻል አለኝ። ቀጥሎ ጠባቂው እየሰማ «ጫማችሁን አገኛችሁ?» አለኝ። ጠባቂው ስለዚያ ክምር የሚያወራ መስሎት፣ ጫማ የጠፋው ቀበሌ ሄዶ ይጠይቅ አለ። ጋሽ ሀብቴ ግን ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም። እኔ ምን ልበለው? አግኝተናል እንዳልለው ረጅሙ መድረሱን አላውቅም፤ አላገኘንም እንዳልለው አንደበቴ እንቢ አለኝ። ሳህኑን ይዤ እየሮጥኩ ወጣሁ።

ረመዳን ሳይገባ ወደ ናዝሬት ሊወስዱት ነው ይባላል። ከዚያ በኋላ እናየው እንደሆነ አላህ ያውቃል። ስለዚህ እትዬ፣ ረጅሙ ደርሶ ከሆነ መልስ አትጻፊ። ለካሕሳይ በቃል «ጫማው ልክ ነው» በይው፤ እሱ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ያደርስልኛል። ካልደረሰ ምንም አትበይው፤ ዝም ካለ ይገባኛል። ግን እባክሽ ያኔ ሙሐመድሰዒድ ሚሌ ድረስ ሄዶ በየሻይ ቤቱ ይፈልገው።

ጫማው ልክ ነው ካላችሁኝ፣ ለጋሽ ሀብቴ በቃል አልነግረውም፤ ጠባቂው ይሰማል። ያቺን ከፍ የምትለውን ቦታ አነሣለታለሁ። በሰው ፊት ዘፍኜ እንደማላውቅ ታውቂያለሽ። ግን ሌት ሌት ትራስ ውስጥ እየተለማመድኳት ነው።

ሙሐመድሰዒድን አባ በጣም አድርገው ሰላም ይሉታል። አማትሽን እማ ጉልበታቸውን ትስማለች። ሙስሊማን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳሚልኝ፤ ስታድግ አክስትሽ ፈሪ ነበረች ብለሽ አትንገሪያት። ጎረቤታችንም፣ በነጠላዋ እያራገበች፣ ሰላም በይልኝ ብላለች። እናንተ ቤት ባዶ እግሩን የገባ እንግዳ ካለም፣ እሱንም ሰላም በይልኝ። ሙሐመድሰዒድ ከአሮጌ ጎማ በረባሶ ይሥራለት፤ እግሩ ትልቅ ነውና ሰፋ ያድርገው።

ዝምተኛዋ እህትሽ
አዋሽ ሰባት፣ መጋቢት ፳፯ ቀን ፲፱፻፹ ዓ.ም.