አባዬ ጊታሩን ያስከፈተበት ቀን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ድረስ ፈንታ፣ ጁባ።

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ሰነበትክ? የዚያ አገር ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህ ሕሊናስ፣ ትንሹ ልጃችሁ ቢያዝንስ እንደምን አሉልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። ጤፉ እየታጨደ ነው፤ ብርዱ ግን ዘንድሮ ቀድሞ ገብቷል። አባዬም በጤናው ነው። ይህን ያስቀደምኩት እየተጨነቅህ እንዳታነብ ብዬ ነው።

የዚያን ዕለት በስልክ «አባዬን ለአንድ ጣውላ ብለሽ ልታስገድይው ነበር» ስትለኝ፣ መልስ ሳልሰጥህ መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ኔትወርክ የለም። ቃልህ እንቅልፍ ነሳኝ። የጎረቤታችን ልጅ ደርቤ ወደ እናንተ ሊመለስ መሆኑን ስሰማ፣ ነገሩን እንደሆነው ልጽፍልህ ተነሳሁ።

እማዬ ካረፈች ወዲህ አባዬ እንዴት እንደሆነ ብነግርህም በዓይንህ አላየኸውም። የቀረበለትን ቆንጠር አድርጎ ይተዋል፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። መስከረም ላይ ጣሪያው አፍስሶ ዕቃ ስናወጣ ከአልጋው ሥር ያ ጥቁር ሳጥን ወጣ። ውስጡ ያለው በወታደርነቱ ዘመን አስመራ ላይ፣ በክፍለ ጦሩ ኦርኬስትራ፣ ጭኑ ላይ አጋድሞ ክሩን በብረት እየዳበሰ ይጫወትበት የነበረው ጊታር ነው። ሆዱ አብጧል፤ ከስድስቱ ክር ሁለቱ ብቻ ቀርተዋል፤ መዳበሻው ብረትም የለም። አባዬ ሲያየው ከተኛበት ተነስቶ ተቀመጠ። አቧራውን በመዳፉ ጠረገና «ይድን ይሆን?» አለኝ። ስንት ወር ሙሉ አንድም ነገር ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። አንተ «አዲስ እልክለታለሁ፣ አሮጌውን ተዪው» ብለኸኝ ነበር። እኔ ግን ያን ጥያቄ ሰምቼ መተው አቃተኝ።

ደብረ ማርቆስ ላይ ክራርና በገና የሚሠራ ገዳሙ የሚባል አናጢ አለ አሉኝ። መንገዱ ተከፈተ በተባለ ሳምንት አባዬና እኔ በሚኒባስ ተነሳን። ግማሽ ሳንደርስ ታጣቂዎች አስቆሙን። የማን እንደሆኑ አልጽፍልህም። ሁላችንንም አስወረዱን። አንዱ ከመኪናው ጣሪያ ላይ ሳጥኑን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። ርዝመቱን ታውቀዋለህ፤ የጠብመንጃ ሳጥን እንደሚመስል ለእኔም የገባኝ ያን ጊዜ ነው። «ይሄ የማን ነው?» ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ከእኛ ሸሸት አለ። አባዬ «የኔ ነው፣ ልጄ» ብሎ ወደ ፊት ወጣ።

ክዳኑ ዝጎ አልከፈት አለ። ከኋላ የቆመው ጠብመንጃውን አቀባበለ። አባዬ ሳይቸኩል በጥፍሩ እየፈለቀቀ ከፈተው። ሰውየው ግን ባሰበት። የዚህ ጊታር አንገት ወፍራም ነውና «ጊታር እንዲህ አይደለም! ሆዱ ውስጥ ምን ደብቀሃል? ስበረውና አሳየኝ!» አለ። አባዬ «ከመሰበሩ በፊት ይናገር» ብሎ ኮረቱ ላይ ቁጭ አለ። ከረዳቱ መፍቻ ተውሶ ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋደመ። በቀሩት ሁለት ክሮች ላይ መፍቻውን ሲያንሸራትት መጀመሪያ ሲጥ አለ፤ ቀጥሎ ሰው ብቻውን ሲያንጎራጉር የሚመስል ረዥም ድምፅ ወጣ። ሰውየው የአባዬን መታወቂያ ተቀብሎ እያገላበጠ «ጥበቃ ይላል፤ ሥራዎ ምንድን ነው?» አለው። የትምህርት ቤት ጥበቃ ሆኖ ጡረታ እንደወጣ ታውቃለህ። አባዬ ግን «ሙዚቀኛ ነኝ» አለ። ወንድም ጋሼ፣ አንተ ሰምተኸው ታውቃለህ? እኔ ይህን ቃል ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። «ይሂዱ፣ አባት» አሉትና ተሳፈርን።

ገዳሙ ጊታሩን በጣቱ እያንኳኳ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። «የውስጥ ድጋፎቹ ተላቅቀዋል፤ ለመመለስ ጀርባውን መክፈት አለብኝ። እንጨቱ በጣም ደርቋል። እውነቱን ልንገርዎት፣ አዲስ መግዛት ይቀላል» አለ። የመመለሻው መንገድ ፊቴ ላይ ድቅን ስላለብኝ እኔም «አባዬ፣ ይቅርብን» አልኩት። እሱ ወደ እኔ አላየም። «ስትከፍተው ቢሰነጠቅስ?» ብሎ ጠየቀ። ገዳሙ «ያኔ ማገዶ ነው» አለ። አባዬ «አልጋ ሥር ሆኖ ከሚሞት፣ እየታከመ ይሙት። ክፈተው» አለ።

ገዳሙ ቀጭን ቢላ በእሳት አሙቆ በጠርዙ አስገባ። እንጨቱ ቀጭ ባለ ቁጥር አባዬ እጄን ይጨምቀኛል። እኔ ማየት አቅቶኝ ወደ በሩ ዞርኩ። ጀርባው ሲላቀቅ ጠርዙ ላይ ጣት የምታህል ስንጥቅ ብቻ ወጣች። ገዳሙ ወደ ውስጥ አጎንብሶ አየና «ነቀዝ አልነካውም፤ ይድናል» አለ። አባዬ ጋቢውን አፉ ላይ አድርጎ ወደ ደጅ ወጣ።

እኛ በሰላም ተመለስን፤ ጊታሩ ግን መንገዱ እንደገና ስለተዘጋ እዚያው ቆየ። ባለፈው ቅዳሜ መንገዱ ሲከፈት የሚኒባሱ ሹፌር ፈቃዱ ከሳጥኑ አውጥቶ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አመጣልን። አባዬ ከሰዓቱን ሙሉ ክር ሲወጥር ሲያላላ ዋለ። ፀሐይ ስትጠልቅ አንድ ዜማ ጀመረ። መሐል ላይ ሲደርስ ጠፋበት። ደጋግሞ ሞከረ፤ አልመጣ አለው። ባለቤቴ አበባውና እኔ ተያየን። አባዬ ክሩን በመዳፉ ዝም አሰኘና «የቀረው ነገ ይመጣል» አለን።

ቁጣህ ከፍርሃት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም በዚያ መንገድ ፈርቻለሁ። ዛሬ ደግሜ ውሰጂው ብትለኝ አልወስደውም። «ምነው ባልወሰድኩት» ግን አልልም።

አባዬ አዲሱን ጊታር እንዳትልክ ብሎሃል፤ ቢያዝንን በሁለቱም ጉንጩ ስሙልኝ ይላል። ባለቤቴ አበባው ከልብ ሰላም ይልሃል። ልጄ ዜማ አክስቷን ሕሊናን በጣም ናፍቃለች። አክስታችን የኔአለምም በጸሎቷ አልረሳችህም። ደርቤ ሲመለስ የእጅህን ጽሑፍ ላክልኝ፤ ተቆጥተህም ቢሆን ጻፍ።

እህትህ ወንጌላዊት ፈንታ
ይጁቤ፣ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.