«እንከን የለበትም» ስለተባለው የሲጋራ ቤት

ለክቡር የቤት ግምትና ምርመራ ክፍል ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉሮሮዎ፣ ደረትዎ፣ በተለይም አፍንጫዎ ደኅና ነው? የእኛ ቤተሰብ ከሳሉ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነው።

ከአቶ ቢያዝን የገዛነውን ቤት «ተመርምሯል፤ እንከን የለበትም» ብለው ስላተሙልን ከልብ እያመሰገንሁ፣ ጥቂት ቅሬታ ለማቅረብ ፈቃድዎን እለምናለሁ።

፩. አቶ ቢያዝን በደብሩ የተከበሩ ሰው ናቸው። በጎንደር ትምባሆ የሚያጨስ ምእመን ምን እንደሚባል ያውቁታል። ሰውዬው ደጅ ወጥተው እንዳያጨሱ ይሉኝታ ይዟቸው፣ መስኮቱን በሚስማር ቸንክረው ሃያ ዓመት ሙሉ ሳሎን ውስጥ ሲያጨሱ ኖሩ። ውል ስንፈራረም የተቀመጡት ሽማግሌዎች ይህን እያወቁ፣ የሰው ስም ከሚጠፋ የልጄ ሳንባ ቢጠፋ ይሻላል ብለው ዝም አሉ።

፪. ቤቱን ስናየው ነጭ ቀለም ተቀብቶ አምሮበት ነበር። ክረምት ገብቶ ግድግዳው ሲረጥብ ግን ከቀለሙ ሥር እንደ ቀጠነ ሻይ ያለ ውሃ ይወርድ ጀመር፤ ሽታውም መቀመጫ አሳጣን። አክስቴ የትነበርሽ ቤቱ መንፈስ አለበት ብላ ቄስ አስመጣች። ጸበል ተረጨ፤ ሽታው ባሰ። የአራት ዓመት ልጄን ኤሌኒንም ሳሏን ይተውላት ብለን ሰባት ቀን ጸበል አመላለስናት። በሰባተኛው ቀን ትንፋሿ አጥሮ ሆስፒታል ገባች። እኛ ጋኔን ያልነውን፣ ሐኪሙ ገና ልብሷን እንዳሸተተ የሲጋራ ጭስ መሆኑን ነገረን። ያቺ ያባከንኋት ሳምንት እስካሁን አንጀቴን ታቃጥለዋለች።

፫. ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ሳመለክት፣ በቅጹ ላይ ስለ ጣሪያ፣ ስለ በርና ስለ ሽንት ቤት እንጂ ስለ ሽታ የሚሞላ ቦታ እንደሌለ በትሕትና አስረዱኝ። እጅግ ተምሬበታለሁ። ለካስ ልጄ የምታስለው ከቅጹ ውጭ ነው።

ለማኅተምዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ መስኮቷን ከፍታ በብርድ የምታድረው አክባሪዎ፣

ሰርካለም ይበልጣል
ከጎንደር

ማስታወሻ፦ ኤሌኒን ገጠር፣ ኮሶዬ፣ እናቴ ዘንድ ልኬአታለሁ። እዚያ አታስልም፤ እኔ ግን ያለ እሷ ቤት መግባት አስጠልቶኛል። ቤቱን ልሸጠው ብዬ ትናንት በደላላ አንድ ገዥ አስመጥቼ ነበር፤ የሰባት ወር ልጅ እንዳለው ሲነግረኝ እውነቱን ነግሬ መለስሁት። ደላላውም ተቆጥቶ ተሰናበተኝ። እንግዲህ የቀሩኝ ገዥ ክቡርነትዎ ብቻ ነዎት። በራስዎ ማኅተም እንከን የለበትምና፣ ልጆችዎን ይዘው ይግቡበት።